ሰፈራችን ቆሻሻ መለየት ሊጀምር ነው፤ ከየት እንነሳ?

የበር ጥግ፦

ሰላም ወገኖች። እኔና ጎረቤቶቼ ከየቤታችን የሚወጣውን ቆሻሻ ለመቀነስ ተስማምተናል። የሚቻለውንም ለሪሳይክል፣ ማለትም ተመልሶ ለዕቃ መሥሪያ እንዲውል፣ እንሰጣለን። ፍላጎት አለ። ሐሳብም በሽ በሽ ነው። አንዱ ባለብዙ ቀለም ባልዲ እንግዛ ይላል። ሌላው በየበሩ ማስታወቂያ እንለጥፍ ይላል። ፕላስቲክ ብቻ እንሰብስብ የሚሉም አሉ።

እኔ የምሟገተው ለአንድ ነገር ነው። መጀመሪያ እርጥቡን ከደረቁ እንለይ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ከሚጣለው ቆሻሻ 44 በመቶው የምግብና የዕፅዋት ትርፍራፊ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከግማሽ ያልፋል። ይህ እርጥብ ነገር ከወረቀትና ከፕላስቲክ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ሲገባ ሁሉንም ያበላሻል። ካርቶኑ ይርሳል፣ ይሸታል፣ የሚወስደው ያጣል። ፕላስቲኩ ይጨማለቃል። የሚበሰብሰውም ቢሆን የጠርሙስ ስባሪና ባትሪ ስለተቀላቀለበት ለአፈር አይሆንም። ሁሉም ዋጋ የነበረው ነገር በአንድ ምሽት ዋጋ ቢስ ይሆናል።

ሌላም አለ። የሚበሰብሰው ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ቦታ ሄዶ ሲቀበር አየር አያገኝም። አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሚቴን በ20 ዓመት ውስጥ ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ በላይ ሙቀት ያምቃል። እርጥቡን ካወጣን ይህም ይቀንሳል ማለት ነው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ማጠራቀሚያ ይበቃል ባይ ነኝ። አንዱ ለሚበሰብሰው፣ ሌላው ለደረቁ። እናንተ ጋ የሠራውን ንገሩኝ። በተለይ ሁለት ነገር ያሳስበኛል። ፎቅ ላይ የሚኖሩት እርጥቡን ምን ያድርጉት? ደረቁንስ እንዴት ብናዘጋጀው ነው በትክክል ሪሳይክል የሚሆነው?


ሦስተኛ ፎቅ፦

ስለ ፎቅ ልመልስልሽ፣ እህቴ። ሰውን የሚያስፈራው ሽታውና በረሮው ነው። ሁለቱም የሚመጡት ከእርጥበት ነው። ስለዚህ ባልዲው ክዳን ይኑረው። ከሥሩ የተቀዳደደ ጋዜጣ ወይም ካርቶን ይነጠፍበት። ልጣጭ በተጨመረ ቁጥር ከላዩ እፍኝ ደረቅ ነገር ጣል ይደረግበት። የሰጋቱራ ብናኝ ካለ በጣም ጥሩ ነው። ፈሳሽ ነገር አይግባ። መረቅ ያለው ነገር መጀመሪያ ይጠንፈፍ።

ማቀዝቀዣ ላይ ቦታ ያለው ሰው ልጣጩን በከረጢት አድርጎ በረዶ ቤቱ ውስጥ ያቆየው። አይሸትም፣ ዝንብ አይመጣም። የመሰብሰቢያው ቀን ሲደርስ ይዞት ይወርዳል።

ባልዲው ግን ትንሽ ይሁን። ትልቅ ባልዲ እስኪሞላ ሲጠበቅ ነው ችግር የሚፈጠረው።


አፈር ወዳድ፦

የተነሳው ሐሳብ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ብስባሹ፣ ኮምፖስት ስለሚባለው የአፈር ማዳበሪያ ነው፤ ብዙ ሰፈር ተነሳስቶ የሚያቆመው እዚያ ላይ ስለሆነ። ክምሩ ይሸታል፣ ሰው ያማርራል፣ ጉዳዩ ያከትማል። ሽታ ግን የኮምፖስት ባሕርይ አይደለም። የተሳሳተ ነገር እንዳለ የሚነግር ምልክት ነው።

ኮምፖስት ሁለት ዓይነት ነገር ይፈልጋል። አንደኛው ናይትሮጅን የበዛበት ነው፤ ልጣጭ፣ የአትክልት ትርፍራፊ፣ ትኩስ ሣር። ሁለተኛው ካርቦን የበዛበት ነው፤ ደረቅ ቅጠል፣ ገለባ፣ ሰጋቱራ፣ ያልተቀባ ካርቶን። ባለሙያዎች ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይላሉ። ይህ በኬሚስትሪ ሲለካ ነው። በእጃችን ስንሠራ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ካደረግን እንቀርበዋለን። በጉድለት የማየው ሁልጊዜ ደረቁን ነው። እርጥቡ በየቀኑ ከየቤቱ ይመጣል። ደረቁን ግን የሚያስብለት ሰው የለም። ስለዚህ ክምሩን ከመጀመራችሁ በፊት ደረቅ ቅጠል በጆንያ አከማቹ።

እርጥበቱን በእጅ እወቁት። እፍኝ አንስታችሁ ጭምቅ አድርጉት። ጠብታ ወይም ሁለት ጠብታ ከወጣው ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሩ። ከተበተነ ውሃ ርጩበት።

የሽታውም ዓይነት ይናገራል። አፍንጫ የሚቆነጥጥ የአሞንያ ሽታ ከመጣ እርጥቡ በዝቷል፤ ካርቦን ጨምሩ። የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከመጣ አየር አጥቷል፤ ገልብጡት። በደንብ የሚሄድ ክምር የሚሸተው ዝናብ የመታው አፈር ነው።

ስፋቱ፣ ርዝመቱና ከፍታው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ክምር ሙቀቱን ይይዛል። መሃሉ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ከ55 ዲግሪ በላይ ለቀናት ሲቆይ አብዛኛው የአረም ዘርና በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ይሞታሉ። ግን ዳርና ዳሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ካልገለበጣችሁት ዘሩ እዚያ ይተርፋል።

ሥጋ፣ ወተትና ዘይት የነካው ነገር ለሰፈር ክምር አይመከርም። አይጥና ውሻ ይጠራል። የውሻና የድመት ዓይነ ምድርም በፍጹም አይግባ። በሽታ የያዘው ተክል እንዲሁ።

ፎቅ ላይ ላላችሁ የትል ሳጥን አለ። ግን ከጓሮ የተቆፈረ ተራ የመሬት ትል አይሆንም። እሱ ጠልቆ መኖር የሚፈልግ ዓይነት ነው። የሚያስፈልገው ከላይ ያለውን ብስባሽ የሚበላው ቀዩ የኮምፖስት ትል ነው።


ጠያቂ፦

ቅር እንዳትሰኙብኝ፣ ከልቤ ነው የምጠይቀው። ይህ ሁሉ ድካም ለምን በእኛ ላይ ይወድቃል? እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ። እስከ 2015 ድረስ በዓለም ከተፈጠረው የፕላስቲክ ቆሻሻ ሪሳይክል የሆነው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። 12 በመቶው ተቃጥሏል። 79 በመቶው ማጠራቀሚያ ቦታ ወይም ሜዳ ላይ ቀርቷል። እናቶች ጠርሙስ እያጠቡ፣ ልጆች ክዳን እየለቀሙ፣ ፋብሪካው በየቀኑ አዲስ ያመርታል። መጠየቅ ያለበት አምራቹ ነው። የሰፈር ሰው ጉልበቱን አምራቹን ለማስገደድ ቢያውለው አይሻልም?


ኮረብታ፦

ወንድሜ ጠያቂ፣ ቁጥሩ ትክክል ነው። ንዴትህም ይገባኛል። ግን ሁለቱ አይጣሉም። እንዲያውም አንዱ ሌላውን ሲወልድ የታየበት ቦታ አለ።

ጣልያን ውስጥ ቶስካና ክልል ካፓኖሪ የምትባል ከተማ አለች። በ1990ዎቹ እዚያ የቆሻሻ ማቃጠያ ሊሠራ ታቀደ። ሮሳኖ ኤርኮሊኒ የሚባል የአንደኛ ደረጃ መምህር ነዋሪውን አስተባብሮ ተቃወመ፤ ማቃጠያውም ቀረ። ሰውየው በዚያ አላቆመም። "እሺ፣ ካልተቃጠለ ምን ይሁን?" ለሚለው መልስ መስጠት ነበረባቸው። ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተለየ ቆሻሻ መሰብሰብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ካፓኖሪ ከአውሮፓ የመጀመሪያዋ የ"ዜሮ ቆሻሻ" ግብ ያወጀች ከተማ ሆነች። ኤርኮሊኒም በ2013 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማትን አገኘ።

ላንተ ጥያቄ መልስ የሚሆነው ቀጥሎ ያለው ነው። የሚለየው ከተለየ በኋላ የቀረውን ከረጢት ከፍተው አጠኑት። ምን እንደቀረ፣ ለምን እንደቀረ አዩ። ደጋግመው ካገኟቸው ነገሮች አንዱ አንድ ጊዜ ተፈልቶ የሚጣል የቡና ካፕሱል ነበር። ማስረጃውን ይዘው ከአምራቾቹ ጋር መነጋገር ጀመሩ። አየህ፣ ሳይለዩ ቢሆን ኖሮ የትኛው ምርት ችግር እንደሆነ በምን ያውቁ ነበር? ሁሉም ነገር የተቀላቀለበት ጆንያ ማንንም ሊከስ አይችልም።

ጃፓን ውስጥ ካሚካትሱ የምትባል ትንሽ የተራራ ከተማም ተመሳሳይ ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ2003 ዜሮ ቆሻሻ አወጀች። የቆሻሻ መኪና የላትም። ነዋሪው ራሱ ወደ ማዕከሉ ይዞ ይሄዳል። ከ40 በላይ በሆነ ዓይነት ይለያሉ። 80 በመቶ ገደማ ሪሳይክል ማድረግ ችለዋል። መቶ በመቶ ግን አልደረሱም። የቀረው ዳይፐር፣ የንጽሕና መጠበቂያና ከብዙ ዓይነት ነገር የተጣበቀ ዕቃ ነው። ይኼ ከነዋሪው አቅም በላይ ነው፤ ዕቃው ሲሠራ መስተካከል ያለበት። እነሱም ይህን በግልጽ ይናገራሉ። የሚሰማቸው ደግሞ የራሳቸውን ድርሻ ስለጨረሱ ነው።

ከ40 በላይ ዓይነት ስላልኩ ማንም እንዳይደነግጥ። የሚበሰብሰውን እያንዳንዱ ቤት በየራሱ ኮምፖስት ያደርጋል። ማዕከሉ የሚደርሰው ደረቁ ብቻ ነው። የበር ጥግ ያለችው ነገር እዚያም መሠረት ነው።


ብረትና ካርቶን፦

እኔ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ካርቶን፣ ብረትና ፕላስቲክ እየሰበሰብኩ ነው ልጆች ያሳደግኩት። ስለ ደረቁ የምነግራችሁ አለኝ።

ከሁሉ በፊት ማን ምን እንደሚወስድ ጠይቁ። ቆራሌውን ጠይቁ፣ መጋዘኑን ጠይቁ። የማይወሰድ ነገር አጥባችሁ ብታስቀምጡ ተመልሶ ቆሻሻ ነው የሚሆነው፤ የሰው ልብም ይሰበራል።

ፕላስቲክ ላይ ያለው ባለ ቁጥር ሦስት ማዕዘን ሪሳይክል ይሆናል ማለት አይደለም። ከምን ዓይነት ፕላስቲክ እንደተሠራ ብቻ ነው የሚናገረው። ቁጥር 1 የውሃና የለስላሳ ጠርሙስ ነው። ቁጥር 2 ጀሪካን፣ የሻምፖና የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ነው። እነዚህን ሁለቱን የሚፈልጋቸው አይጠፋም። ቁጥር 5 አንዳንድ ቦታ ይወሰዳል። ቁጥር 3፣ ፒቪሲ የሚባለው፣ ግን ከቁጥር 1 ጋር አይቀላቀል። ትንሽ ገብታ ሙሉውን ታበላሻለች። ውስጡ የሚያብረቀርቅ የብስኩትና የቺፕስ ላስቲክ ፕላስቲክና ብረት የተጣበቀበት ስለሆነ ለመለየት በጣም ያስቸግራል። እሱን አለመግዛት ነው የሚሻለው።

ጣሳን በማግኔት ለዩት። ማግኔት ከያዘው ብረት ነው። ካልያዘው አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ከማዕድን አዲስ ከሚሠራ ከአሮጌው ቢቀልጥ 95 በመቶ የሚሆነውን ኃይል ይቆጥባል። ስንት ጊዜ ቢቀልጥም ጥራቱ አይወርድም። ጠርሙስም እንደዚያው ነው። ወረቀት ግን ቃጫው እያጠረ ስለሚሄድ ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ቢሆን ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ይምጣ። ዘይት የነካው ካርቶን ከደህናው ጋር አይደረብ፤ ቀዳችሁ ደህናውን ክፍል አስቀሩት። የሱቅ ደረሰኝ የሚያብለጨልጨው ወረቀት አይደባለቅ፤ ኬሚካል የተቀባ ነው።

የመጠጫ ብርጭቆ፣ መስታወትና እሳት የሚችል ሳሕን ከጠርሙስ ጋር አታድርጉ። የሚቀልጡበት ሙቀት ይለያያል።

ጠርሙስ ውስጥ ሌላ ነገር አትጠቅጥቁ። ጣሳ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ካርቶን ውስጥ ከተከተተ የሚለየው ሰው ሁሉንም ማውጣት አለበት። ስባሪ ካለ ደግሞ በወረቀት ጠቅልሉና ምልክት አድርጉበት። ስንቱ እጁ ተቆርጧል መሰላችሁ።

መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ልለምን። ፕሮጀክት ብላችሁ ስትነሱ ቀድሞ በዚያ ሰፈር ሲለቅም የነበረውን ሰው አታባርሩት። ሕንድ ፑኔ ከተማ ውስጥ ስዋች የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር አለ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ቆሻሻ ለቃሚዎቹ ናቸው። ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ የተለየውን ይረከባሉ። ሲደባለቅ በእጃቸው ከሚለዩት፣ ከበሩ ላይ ተለይቶ ሲሰጣቸው ሥራውም ክብሩም ሌላ ነው።


የበር ጥግ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ የጻፉትን አትሜ ለኮሚቴው አነብላቸዋለሁ። ከሁሉም በላይ የመጨረሻው ነካኝ። ለሰብሳቢዎቹ ስብሰባችን ላይ ወንበር ሊኖራቸው ይገባል። ስለ እነሱ ሥራ እነሱ በሌሉበት መወሰን ትክክል አይደለም።

አንድ ጥያቄ ልጨምርልዎት። ጠርሙሱና ጣሳው ምን ያህል መታጠብ አለበት? ውሃ ማባከኑ ያሳስበናል።


ብረትና ካርቶን፦

እንዲያብረቀርቅ አያስፈልግም፣ ልጄ። ውስጡ ምግብ ካልቀረ፣ ካልሸተተ ይበቃል። ዕቃ በታጠበበት ውሃ ለቅለቅ አድርጎ መድፋት ነው። ከዚያ ደርቆ ይቀመጥ። እርጥብ እንደሆነ ከወረቀት ጋር ከተገናኘ የደከማችሁበት ከንቱ ይሆናል።


የጓዳ ሰው፦

ሁላችሁም ስለ ወጣው ቆሻሻ ነው የምታወሩት። እኔ ከመውጣቱ በፊት ስላለው ልናገር። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ፣ በ2022 በዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ከቤት ነው። ከሆቴል አይደለም፤ ከሱቅ አይደለም። ከየጓዳችን። የሚበላ ያጣ ሰው በሞላበት ዓለም ይህ ያማል።

ምርጥ ኮምፖስት ቢሆንም የሚበላ ምግብ ወደዚያ መሄድ የለበትም። ቀላል ነገሮች አሉ። አዲስ የተገዛው ከኋላ፣ የቆየው ከፊት ይደርደር። ከገበያ በፊት ጓዳው ይታይ። የበሰለ ምግብ ሳይበላሽ ቶሎ ይቀዝቅዝ። የመጠቀሚያ ቀን አጻጻፉንም አንብቡ። "ከዚህ ቀን በፊት ቢጠቀሙ ይመረጣል" የሚለው የሚናገረው ስለ ጥራት ነው። ቀኑ ስላለፈ ብቻ የታሸገ ደረቅ ምግብ ወዲያው አይጣልም፤ ይታያል፣ ይሸተታል። "ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ" የሚለው ግን የጤና ጉዳይ ነው፤ እሱ ይከበር።

ቤታችን ውስጥ ምን እየተጣለ እንደሆነ የምናየው እርጥቡን ለብቻው ስናደርግ ነው። ክዳኑን ስትከፍቱ ያልተነካ ምግብ ታያላችሁ። ድብልቅ ፌስታል ይህን ይደብቃል።


ቀጭን መንገድ፦

የማይለዩ ጎረቤቶችስ? ሁሌም አሉ። ሃያ ቤት ለይቶ ሦስት ቤት ከደባለቀ ሁሉም ይበላሻል። ቅጣት አስባችኋል?


ኮረብታ፦

ቅጣትን ባታስቀድሙ። ደቡብ ኮሪያ በመንግሥት ደረጃ ነው የሠራችው። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቤተሰብ ለሚጥለው ድብልቅ ቆሻሻ በከረጢቱ መጠን ይከፍላል፤ ለሪሳይክል የተለየው ግን በነጻ ይወሰዳል። በ2005 የምግብ ትርፍራፊ እንዳይቀበር ታገደ። በ2013 ደግሞ ለምግብ ትርፍራፊም እንደ ብዛቱ ማስከፈል በመላ አገሪቱ ተጀመረ። ዛሬ ከምግብ ትርፍራፊያቸው ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ለብስባሽ፣ ለእንስሳት መኖና ለጋዝ ይውላል። ይህን ለማድረግ ግን ሕግና ሚዛን ያለው አካል ያስፈልጋል። የሰፈር ኮሚቴ በጎረቤት ላይ ይህን ቢሞክር ጠብ ነው የሚያተርፈው።

እናንተ ማድረግ የምትችሉት ሌላ ነው። ሰብሳቢው ከበሩ ላይ ይረከብ እንጂ የጋራ ገንዳ አታስቀምጡ። የጋራ ገንዳ ውስጥ ማን እንደደባለቀ አይታወቅም። በር ላይ ግን ሰብሳቢው አይቶ፣ "ይህ አይሆንም" ብሎ በጨዋ ደንብ ይመልሳል። ሦስቱ ቤት ቢደባልቁ የሚበላሸው የሦስቱ ብቻ ይሆናል። የሃያው ድካም አይነካም።


ሦስተኛ ፎቅ፦

በዚህ እስማማለሁ። እኛም ጋ ብዙዎቹ የማይለዩት እምቢ ብለው አልነበረም። የቤት ሠራተኛዋ አልተነገራትም፣ ወይም አያት የቱ የት እንደሚገባ ግራ ገብቷቸዋል። ማስታወቂያ ሳይሆን ሰው ሄዶ ባልዲውን ከፍቶ ቢያሳይ ይሻላል። ቆሻሻውን በእጁ የሚነካውን ሰው አነጋግሩ። አባወራው ስብሰባ ላይ እጁን ማውጣቱ ብቻውን ምንም አይለውጥም።


ጠያቂ፦

የካፓኖሪው ነገር አሳምኖኛል። ከረጢቱን ከፍቶ ማየት የሚለው። አሁንም አምራቹ ዋና ተጠያቂ ነው እላለሁ። ግን እጃችን ላይ ማስረጃ ከሌለን ጩኸታችንን ማን ይሰማዋል? የተረፈውን የመመዝገቡን ሥራ እኔ በሰፈሬ እጀምራለሁ።


መፍቻ፦

ዘግይቼ ገባሁ። ስለ ጥገና ማንም አላነሳም። ደህና ሊሠራ የሚችል የካውያ ገመድ፣ ወንበር፣ ጃኬት ስንት ይጣላል! እ.ኤ.አ. በ2009 አምስተርዳም ውስጥ ማርቲን ፖስትማ የምትባል ጋዜጠኛ የጥገና ካፌ የሚባል ነገር ጀመረች። ሰው የተበላሸ ዕቃውን ይዞ ይመጣል። የሚያውቅ ጎረቤት አብሮት ቁጭ ብሎ ይጠግናል፣ ያስተምረዋል። ዛሬ በብዙ አገሮች አለ። የመሰብሰቢያ ቀናችሁ ላይ አንድ ጠረጴዛ ጨምሩ። ከጎኑ ደግሞ ለእኔ አይጠቅምም፣ ለሌላው ይጠቅማል የሚባል ዕቃ የሚቀመጥበት። ካሚካትሱም እንዲህ ያለ ነጻ የመለዋወጫ ቤት አላት።


አፈር ወዳድ፦

ባትሪን ሳንናገር እንዳንለያይ። የስልክና የመሳሰለው የሊቲየም ባትሪ ሲጨፈለቅ ወይም ሲበሳ እሳት ይነሣል። የቆሻሻ መኪና ውስጥም መጋዘን ውስጥም ስንት ቃጠሎ አስነሥቷል። ከእርጥቡም ከደረቁም ጋር አይግባ። ጫፉን በፕላስተር ሸፍናችሁ ለብቻው በሚዘጋ ዕቃ አስቀምጡ። አምፖል፣ ጊዜው ያለፈ መድኃኒትና የቀለም ቆርቆሮም የተለየ ቦታ ይፈልጋሉ። ፕላስቲክም በጓሮ አይቃጠል። በተለይ ቁጥር 3 ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ይወጣዋል፤ ልጆች የሚተነፍሱት ያንን ነው።


የበር ጥግ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ጋ የማቀርበው ይኼ ነው። ለእያንዳንዱ ቤት ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ለእርጥቡ፣ ጆንያ ለደረቁ። መረከቢያው በር ላይ። ሰብሳቢዎቹ ከመጀመሪያው ስብሰባ ጀምሮ አብረውን ይቀመጡ። ደረቅ ቅጠል ማከማቸት ከነገ ይጀመር። ለባትሪ አንድ የታወቀ ቤት ይመደብ፤ እኔ የእኔን ቤት አቀርባለሁ። የጥገና ጠረጴዛው ሥራው ሲረጋጋ ይከተላል።

ጠያቂ፣ የመመዝገቢያ ቅጹን ስታዘጋጅ እዚህ ለጥፍልን። በሁለቱም ሰፈር አንድ ዓይነት ቅጽ ከተጠቀምን የሁለታችንን ውጤት ጎን ለጎን ማየት እንችላለን።